ማጅራቴን እይልኝ

ተረት ተረት። የላም በረት።

በመንዝ፣ ጓሳ በሚባለው አምባ ጫፍ ላይ አንድ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ይኖር ነበር። አገሩ ብርድ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ሣሩን ነጭ አልብሶት ያድራል። አምባው ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን የሚከድነው፣ ገመዱን የሚገምደው በዚሁ ሣር ስለሆነ አባቶች ጊዜ ለይተው እየከለከሉ፣ ጊዜ ለይተው እያሳጨዱ ለ400 ዓመት ያህል ጠብቀውት ኖረዋል። ሣሩ ሲጠበቅ ጭላዳውም አብሮ ተጠበቀ፤ ከሞላ ጎደል የሚበላው ሣር ነውና። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀርም በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም።

ጭላዳ ሲበላ ያየ ሰው ያውቀዋል። እንደ ፍየል አንገቱን ደፍቶ አይግጥም። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ በሁለት እጁ፣ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ አንዷን ሣር ከሌላዋ እየለየ ይነጫል፤ ከሩቅ ሲታይ ምስር የምትለቅም ሴት ይመስላል። ጣቱ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ከሣር መንጨት የሚበልጥ ሥራ ግን ነበረው።

ሌሊቱን መንጋው ነብርና ጅብ በማይደርስበት የገደል ግድግዳ ላይ፣ እናት ልጇን ታቅፋ፣ እህት ከእህቷ ተደግፋ ያድራል። ፀሐይ ስትወጣ ወደ አምባው ይወጣሉ። የራበው ሁሉ ወደ ሣሩ የሚሮጥ ይመስላል፤ አይደለም። አስቀድመው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ይቃመላሉ። እናት ልጇን ጭኗ ላይ ታጋድማለች። በግራ እጇ ጠጉሩን ገለጥ፣ በቀኝ ጣቷ ፈተሽ፣ ያገኘችውን ቆንጠር አድርጋ ወደ አፏ፤ ደግሞ ገለጥ፣ ደግሞ ፈተሽ። ከብብቱ ሥር፣ ከጆሮው ኋላ፣ ከጭራው ግርጌ። ከናፍሯን እያንቀሳቀሰች ጧ ጧ ጧ ታደርጋለች። ልጁ ዓይኑን ይከድናል፤ የታችኛው ከንፈሩ ይንጠለጠላል። ብዙ ጊዜ አንዳች ነገር አታገኝም። ባታገኝም ትፈልጋለች።

«አንተ ውድ ነህ» የሚል ቃል በጭላዳ ቋንቋ አልነበረም። በእኛም ቤት ብዙ አልነበረም። በእኔ ዕድሜ ካለን ሰዎች መካከል አባቱ «እወድሃለሁ» ሲለው እየሰማ ያደገ ጥቂት ነው። «በላህ?» ነበር የሚባለው። «ጋቢውን ደረብ አድርግ» ነበር የሚባለው። ቡዳ እንዳይበላው ተብሎ ልጅ በእንግዳ ፊት አይሞገስም ነበር። ነገር ግን እናት ወጡ የራሰውን የእንጀራውን መሃል ቆርሳ ታጎርሰንና እሷ ደረቁን ጠርዝ ትበላ ነበር። ማን እንደሆንን ያወቅነው ከዚያች ጉርሻ ነው።

በዚያ መንጋ ውስጥ እመት ሸዋዬ የምትባል እናት ነበረች። ልጇ አለኝታ ይባላል። ስሙን ያወጣችለት ገና ጠጉሩ ጥቁር ሳለ፣ ሆዷ ላይ ተለጥፎ እየተንጠለጠለ ሳለ ነው። ሌሎች እናቶች የሚያደርጉትን ሁሉ ታደርግ ነበር፤ አንድ ነገር ግን የራሷ ነበረ። ልጇን ቀምላ ስትጨርስ ጀርባዋን ታዞርለትና «በል ደግሞ አንተ ማጅራቴን እይልኝ» ትለዋለች።

ልጁ ገና የዓመት ልጅ ነው። ጣቱ አልጠናም። ቅማሉን ልያዝ ሲል ጠጉሯን ይነጭባታል። እህቷ እያየች «ምን አስለፋሽ፣ እኔ አይልሽ የለም ወይ?» ስትላት፣ «አንቺም ታዪልኛለሽ፤ እሱም ይየኝ» ትላለች። ማጅራት ማንም በራሱ ዓይን የማያየው፣ በራሱ እጅ ደህና አድርጎ የማይፈትሸው ቦታ ነው። ማጅራት መቺ ከኋላ የሚመጣው በከንቱ አይደለም፤ ነብርም የሚይዘው በዚያው ነው። ያንን ቦታ አዙራ ለአንድ ፍሬ ልጅ ስትሰጠው ምን ማለቷ እንደሆነ አለኝታ ጠይቆ አያውቅም። ጣቱ ግን ሰምቶ ነበር።

እንዲህ ሲኖሩ ሳለ አንድ ዓመት በልጉ ቀረ። የካቲት አለፈ፣ መጋቢት ገባ፣ ዝናብ የለም። ሣሩ ቢጫ ሆኖ ደረቀ፤ መንጋውም በድርቅ ጊዜ እንደሚያደርገው መሬት እየጫረ ሥር ይቆፍር ጀመር። አንድ ቁራ ከከተማ ወደ አምባው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ትልቅ ቁራ ነበር፤ መንቆሩ ወፍራም፣ ላባው ጥቁር፣ ማጅራቱ ላይ ብቻ ነጭ ጣል ያለበት። ብዙ ዓመት የኖረው በአንድ ትምህርት ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ነው። በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ከጣሪያው ላይ ሆኖ የሚያየው ነገር ነበር። ልጆች ይሰለፋሉ፤ ስም ይጠራል፤ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማሉ፤ ይጨበጨባል። ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ደግሞ ካርዱን አራት ቦታ አጥፎ ሸሚዙ ውስጥ የሚከት፣ ትልቁን በር ትቶ በአጥሩ ቀዳዳ የሚወጣ ልጅ ያያል። ቁራው ሁለቱንም አይቷል። ወደ ጓሳ ይዞ የመጣው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የመንጋው አውራ አባ ጎፈር ይባላል፤ ጎፈሩ ከትከሻው እስከ ወገቡ የተንዠረገገ፣ ደረቱ ላይ ቀዩ ምልክት የሚያበራ።

«አባ ጎፈር፣ ስንት ልጆች አሉዎት?» አለው ቁራው።

«ብዙ።»

«ስንት?»

«ሁሉም አሉ።»

«ከሁሉ የሚበልጠውስ የትኛው ነው?»

አባ ጎፈር ልጆቹን አየ። አንዱ ከእናቱ ጀርባ እየተንሸራተተ ይጫወታል፣ ሁለቱ ይታገላሉ፣ አንዷ ተኝታለች። የሚመልሰው አጣ።

«እንግዲያ ክፉ ቀን ሲመጣ የትኛው እንደሚተርፍ በምን ያውቃሉ?» አለ ቁራው። «ያልተቆጠረ ልጅ ይሰንፋል። ረኃብም ይኸው እየመጣ ነው።»

የያዘችው ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት። አባ ጎፈር ክፉ አልነበረም፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። እናቶቹም ክፉዎች አልነበሩም። ልጅን በደረጃ መመዘን ከጥላቻ አይነሳም፤ የሚነሳው ከፍርሃት ነው። «ልጄ ነገ ምን ይበላል?» እያለ ሌሊት የሚገላበጥ ወላጅ ነው፣ ማታ ልጁ ገና ቦርሳውን ሳያወርድ «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለው።

በማግስቱ ማታ፣ ወደ ገደሉ ከመውረዳቸው በፊት፣ 31 ልጆች በጠፍጣፋው ድንጋይ ፊት ተሰለፉ። እያንዳንዱ የቆፈረውን ሥር ፊቱ ከመረ። ቁራው ድንጋዩ ላይ ቆሞ ቆጠረና «አንደኛ! ሁለተኛ! ሦስተኛ!» እያለ እስከ 31ኛ ጮኸ። አንደኛ የወጣችው የእመት ታንጉት ልጅ ብርቄ ነበረች። 31ኛ አለኝታ። ቁራውም አልተጎዳም፤ ልጆቹ መሬቱን ሲጭሩ ከአፈሩ የሚወጣውን እጭ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ የሚለቅመው እሱ ነበርና።

እውነቱን ለመናገር ሥሩ በዛ። ልጆቹ ከበፊቱ ይልቅ ቆፈሩ፣ ጨዋታው ቀነሰ፣ መንጋውም «ደህና ነገር አገኘን» አለ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን ስም ጠፋ። «አንደኛን ጥሪልኝ።» «ዘጠነኛ ወዴት ሄደ?» «የሃያ አራተኛ እናት፣ ልጅሽን ያዢ።» ስም ሲጠፋ እጅም ተለወጠ። ማንም ተነጋግሮ የወሰነው አይደለም። የአንደኛ እናት ፀሐይ እስክትከር ልጇን ትቀምላለች። የአሥራ አምስተኛ እናት ጆሮዋን አየት አድርጋላት ትተዋታለች። የመጨረሻዎቹ እናቶች እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ወደ ሜዳው ያያሉ። ዓይናቸው ከልጃቸው ዓይን ጋር እንዳይጋጠም ነው። ሚያዝያ ሲገባ ከ20ኛ በታች ያሉት ልጆች ጠጉራቸው ተድበልብሎ፣ መዥገር ወሯቸው፣ ቀኑን ሙሉ ሲያኩ ይውሉ ነበር። የሚያክ ልጅ ደግሞ ሥር አይቆፍርም። ቁራውም ያን አይቶ «አላልኳችሁም? ሰነፎች ናቸው» አለ።

ይህን ስጽፍ ከዓይኔ አልጠፋ ያለኝ ነገር አለ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲወጣ፣ ከ100 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ያህል ብቻ ነበሩ። የ2015 ዓ.ም. ተፈታኞችም ከዚያ አልተሻሉም። ስለ ትምህርቱ ብዙ ተባለ፤ መባልም ነበረበት። እኔን የያዘኝ የቤቱ ነገር ነው። ከመቶው 97 የሚሆነው ልጅ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ ገብቷል፤ ወይም ውጤቱን እዚያው ቤቱ፣ ከእናቱ አጠገብ አይቷል። ሁሉም ቀና ብሎ የሆነ ሰው ፊት አይቷል። እናቱ አፏን ከመክፈቷ በፊት፣ «አይዞህ» ለማለት ወይም ለመራገም ከመወሰኗ በፊት፣ ፊቷ ላይ ያነበባትን ነገር ያ ልጅ እስኪሸብት ይዟት ይኖራል። ያን ቀን ማታ ሽሮው እንደ ሁልጊዜው ቀርቦ «ና እንብላ» የተባለበት ቤት ስንት ይሆን?

ወደ ጓሳ ልመለስ። አለኝታ ሰነፍ አልነበረም፤ ዓይኑ ይዘገይ ነበር እንጂ። ቀይ ቀበሮ ጭላዳው መሃል ገብቶ አይጥ ሲያድን ያያል። ቀበሮው የጭላዳ ልጅ በአጠገቡ ቢያልፍ ዞር ብሎ አያይም፤ መንጋውም ከእሱ አይሸሽም፤ አብረው ይውላሉ። ለምን አይፈራሩም? አለኝታ ይህን ሲያስብ ፀሐይዋ ታዘቀዝቃለች። ጅባራ ስንት ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል፤ አለኝታ ካበበ ጅባራ ሥር ቁጭ ብሎ ሽቅብ ሲያይ ይውላል። ማታ ሦስት ሥር ይዞ ይመጣል።

እመት ሸዋዬ ከሌሎቹ የተለየች ቅድስት አልነበረችም። በአሥራ ሁለተኛው ማታ ደከማት። የልጇ መጨረሻ መሆን ሳይሆን የሌሎቹ እናቶች ዓይን ነው ያደከማት።

«የታንጉትን ልጅ አታያትም?» አለችው። «አንድ ሣር ትበላላችሁ፤ አንድ ገደል ታድራላችሁ። እሷ በምን ትበልጥሃለች?»

አልመታችውም፤ አልጮኸችበትም። እሱም አላለቀሰም። በማግስቱ ጧት ቀመለችውና እንደ ልማዷ ጀርባዋን አዞረች። «በል ማጅራቴን እይልኝ።» ጠበቀች። ጣት አልመጣም። ዞር ብትል ልጁ እጁን ብብቱ ሥር ከትቶ መሬት መሬቱን ያያል።

«እኔ አላውቅበትም» አላት። «አንደኛ ትይልሽ።»

ሆዷ ባባ። ትናንት የተናገረችው ነገር የት እንደገባ አሁን አየችው። ልጁ ሥር መቆፈር እንደማይችል ብትነግረው ኖሮ ቀላል ነበር። እሱ የሰማው ጣቱ የእናቱን ጠጉር መንካት እንደማይገባት ነው።

መጀመሪያ በአፏ ልታክመው ሞከረች። «የኔ ጌታ፣ አንተ እኮ ከሁሉም ትበልጣለህ! የሚያህልህ የለም!» አለችው። አለኝታ ጠፍጣፋውን ድንጋይ አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። ቆጠራውን በየማታው ይሰማል፤ 31ኛ መሆኑን ከእሷ ይልቅ እሱ ያውቃል። እኔ በሐሰት ሙገሳ አላምንም። ልጁን ብቻውን ነው የሚያስቀረው፤ እናቱ እንኳ እውነቱን አብራው ልታየው አልደፈረችም ማለት ነውና።

ከዚያ ወዲያ መናገሩን ተወች። በየጧቱ ጀርባዋን አዙራለት ትቀመጣለች። ማጅራቷን ይበላታል። እህቷ «ልይልሽ» ብትላት «ተዪው፣ አለኝታ ያየዋል» ትላለች። የመጀመሪያው ጧት እንዲሁ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። በሦስተኛው ቀን ሌሎቹ ሁሉ ወደ ሥር ቁፋሮው ሄደው እሷ ብቻዋን ፀሐይ ላይ ቀረች፤ አባ ጎፈር ሁለት ጊዜ ጠርቷት አልሄደችም። በአራተኛው ቀን ትንፋሽ ማጅራቷን ሞቅ አደረጋት። አንዲት ጣት ጠጉሯን ገለጥ አደረገች።

«እዚህ ጋ ቆስለሻል» አላት ልጁ።

«ቆስያለሁ?»

«መዥገር ነው። ቆይ፣ አትንቀሳቀሺ።»

አልተንቀሳቀሰችም። መዥገሩ ሲነቀል አመማት፤ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። «ወጣ» አላት። «ሌላም አለ። አትንቀሳቀሺ አልኩሽ እኮ!» በዚያች ድምፅ ውስጥ ያለውን ሥልጣን የሰማ እናት የሆነ ሰው ይፍረድ። ባለፈው ሳምንት እጁን ብብቱ ሥር የደበቀው ልጅ ነው እንዲህ የሚቆጣት።

ማታ ቁራው ሲቆጥር አለኝታ አሁንም 31ኛ ነበር። ከድንጋዩ ወደ እናቱ የተመለሰው ግን እየሮጠ ነው።

እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ተረት ነጋሪ ሁሉ ነብር ያመጣል። ጭጋጉ ይወርዳል፣ ነብሩ ይመጣል፣ ዓይኑ የሚዘገየው የመጨረሻው ልጅ ቀድሞ አይቶት ይጮኻል፣ መንጋው ይድናል፣ ልጁም በመጨረሻ አንደኛ ይባላል። እኔ ነብሩን አላመጣውም። ባመጣው ከቁራው በምን እለያለሁ? ልጁ የሚከበረው መንጋ ስላዳነ ከሆነ ድንጋዩ ተቀየረ እንጂ ቆጠራው ያው ነው። አለኝታ ማንንም አላዳነም። ቁፋሮውም እምብዛም አልተሻሻለለትም፤ አንድ ሰሞን እስከ 26ኛ ደርሶ ነበር፣ ኋላ ተመልሶ ወረደ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ቁራውን ብቻውን አገኘው። ቁራው ድንጋዩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

«አያ ቁራ፣ ማጅራትዎ ላይ ነጭ አለ» አለው።

«ምን ነጭ?»

«ላባ ነው። አያውቁትም እንዴ?»

ቁራው አንገቱን ወዲያ ጠመዘዘ፣ ወዲህ ጠመዘዘ፤ አልደረሰበትም። «ማንም ነግሮኝ አያውቅም» አለ።

«እናትዎ ከኋላዎ ተቀምጠው አያውቁም?»

ቁራው ቆይቶ ስለ ጎጆው ነገረው። አራት ሆነው ነበር የተፈለፈሉት። እናታቸው ምግብ ይዛ ስትመጣ አፉን ከሁሉ አስፍቶ ለከፈተው፣ ከሁሉ አብልጦ ለጮኸው ታጎርሳለች። በሦስተኛው ቀን የአራተኛው ድምፅ ተሰማ፤ በአምስተኛው ቀን ግን አልተሰማም። «እኔ ጮኼ ነው ያደግሁት» አለ ቁራው። «እስከዛሬ ጉሮሮዬ አላረፈም።»

«ልይልዎት?» አለ አለኝታ።

ቁራው ክንፉን ዘረጋና በረረ። ያን ማታ ሲቆጥር ሁለት ጊዜ ተሳሳተ።

ስለ አለኝታ ብዙ አወራሁ። ይህ ተረት ግን ምናልባት ይበልጥ የብርቄ ነው። ለመጨረሻው ልጅ ሰው ያዝናል። አንደኛ ለሚወጣው ይጨበጨባል እንጂ የሚያዝንለት የለም።

ብርቄ ሌሊት አትተኛም ነበር። ከቆፈረችው ጥቂቱን እየቀነሰች በገደሉ ስንጥቅ ትደብቃለች፤ ነገ ቢያንሳትስ? የጠቋሚ ጣቷ ጥፍር ተሰንጥቆ ደም ቋጥሯል። ከልጆቹ ጋር አትታገልም፣ አትንሸራተትም። እናቷ በየጧቱ ትቀምላታለች፤ ከማንም ልጅ አብልጣ ትቀምላታለች። ግን የእመት ታንጉት እጅ ልጇ ጠጉር ላይ፣ ዓይኗ ሌሎቹ ልጆች ወደሚቆፍሩበት ሜዳ ነው። «ዛሬ ወደ ምሥራቁ ተዳፋት ሂጂ፣ እዚያ አፈሩ ይለሰልሳል። ሁለተኛዋ ትናንት በአራት ብቻ ነው ያነሰችሽ፤ ሰምተሻል?» ትላታለች። ብርቄ ዓይኗን አትከድንም። ከንፈሯ አይንጠለጠልም። ያቺ እጅ የምትፈልገው እሷን ይሁን ሥሩን ለይታ አታውቅም። ማወቂያው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ መውጣት። ያንን ደግሞ ማን ይደፍራል?

ሳትደፍረው በራሱ መጣ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ጣቷ መግሎ አበጠ፤ እንደ ቀድሞው መቆፈር አቃታት። ማታ ቁራው «ሁለተኛ!» አላት። እመት ታንጉት አልተቆጣችም። ምንም አላለችም። ወደ ገደሉ ሲወርዱ ግን ወደ ኋላ ሳታይ ቀድማ ወረደች። ሌሊቱን አቅፋት አደረች፤ እጇ ግን እንደ ወትሮው አልጠበቀም። ጧት ፀሐዩ ላይ ሲቀመጡ ሁለቱን እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች። ብርቄ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ተነሥታ ሄደች።

እመት ሸዋዬ ዘንድ ስትደርስ ራቅ ብላ ቆመች።

«እማማ ሸዋዬ።»

«ወዬ ልጄ።»

«በፊት... እኔን ማን ነበር የሚሉኝ?»

እመት ሸዋዬ የያዘችውን ሣር ጣለችው።

«ብርቄ ነዋ» አለቻት። «ብርቄ ነሽ። እናትሽ ካንቺ በፊት የወለደችውን ውርጭ ወሰደባት። አንቺ ስትወለጂ ጠጉርሽ ጥቁር፣ ፊትሽ ቀይ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ከእቅፏ አላወረደችሽም፤ በአንድ እጇ ሣር እየነጨች በሌላው አንቺን ይዛ ነው የዋለችው። እኛ ልንይልሽ ብንመጣ አላስጠጋችንም። ብርቄ ናት አለች። ያን ጊዜ አንዲት ሣር እንኳ ነቅለሽ አታውቂም ነበር።»

ብርቄ የታመመች ጣቷን በሌላው እጇ ያዘች። «ረስታው ነው?» አለች።

«አልረሳችውም። ፈርታ ነው።»

ይህን ብላ እመት ሸዋዬ ዞር አለችና ጀርባዋን ሰጠቻት። «በይ ነይ፣ ማጅራቴን እዪልኝ። አለኝታ ዛሬ ጅባራው ጋ ሊውል ነው።»

«ጣቴ ቆስሏል።»

«በሌላው።»

ብርቄ ተጠጋች። በቁፋሮ የደነደነ ጣት ነው፤ ጠጉር መግለጥ ረስቷል። ገለጥ አደረገች፤ ፈተሽ አደረገች። ከናፍሯ ሳታስበው ጧ ጧ ይሉ ጀመር።

ፀሐይ ከፍ ስትል ከወደ ገደሉ ጥሪ ተሰማ። «ሁለተኛ!» እመት ታንጉት ናት። «ሁለተኛ!» ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አንደኛ!» አለች። ብርቄ ቀና አላለችም፤ ሌላ ልጅ የሚጠራ ይመስል ዝም ብላ ትፈትሻለች። ጥሪው ቆመ። ነፋሱ ብቻ ደረቁን ጓሳ እያንኮሻኮሸ አለፈ። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ከዚያው ከወደ ገደሉ፣ ዝቅ ባለና በሻከረ ድምፅ፣

«ብርቄ» ተባለ።

ጣቷ ቆመች።

እመት ታንጉት በጓሳው መሃል ብቅ አለች። መጥታ አጠገባቸው ቆመች። የልጇን ያበጠ ጣት አየች፤ ያን ጣት ያየችው ገና ያኔ ነው። እጆቿን አነሣች፣ መልሳ አወረደቻቸው፤ የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት። ከዚያ ከእመት ሸዋዬ ጎን መሬት ላይ ቁጭ አለችና፣ ቀስ ብላ ጀርባዋን ለልጇ አዞረች።

ብርቄ ግራ እጇን ከእመት ሸዋዬ ማጅራት ሳታነሣ፣ የቆሰለውን ቀኝ እጇን ወደ እናቷ ዘረጋች።